ከየት እስከ የት?

በአዳማ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ተማሪው ስሙን በቃሉ ይዞ ምሥጢሩን ሳያገኘው የሚያልፍ ነገር እንደ ቮልት ያለ አላየሁም። የተሠራው ሥራ ለቻርጁ መጠን ሲካፈል የእምቅ ልዩነት ይገኛል ብሎ ያለ ስሕተት የሚመልሰው ደቀ መዝሙር፣ ወዲያው ደግሞ «ይህ ሽቦ 220 ቮልት አለው» ይላል፤ ቮልት ግን በሁለት ነጥቦች መካከል እንጂ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚነገር ነገር ስላልሆነ፣ «ከየት እስከ የት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ስለዚህ ቀመሩን በሰሌዳ ላይ ከመጻፌ አስቀድሞ፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ አከታትዬ የእጅ ባትሪ አምፑል አበራና የቮልት መለኪያውን ሁለት ጫፎች በአንዱ ሽቦ ላይ አቀራርቤ አስነካለሁ፤ አምፑሉ እየበራ፣ ኮረንቲውም በዚያው ሽቦ እያለፈ፣ መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ጫፎቹን ከአምፑሉ ወዲህና ወዲያ ሳደርጋቸው ወደ ሦስት ይጠጋል፤ ይህም እያንዳንዱ ኩሎም አምፑሉን ሲያልፍ ሦስት ጁል ያህል ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ከከተማችን የማይርቀው አዋሽ ይህንኑ በሰፊው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ጣቢያ 43.2 ሜጋዋት፣ ከበታቹ በ1966 እና በ1971 የተከተሉት አዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ ደግሞ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በቆቃ ሥራውን የፈጸመው ውኃ ወርዶ እነዚህኑ ሁለቱን በየተራ ያንቀሳቅሳል፤ በየጣቢያው የሚቀንሰው ከፍታው ነው እንጂ ውኃው አይደለም። ተከታትለው የተያያዙ አምፑሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ያው ቻርጅ ሁሉንም ያልፋል፣ ቮልቱ ግን ይከፋፈላል፣ ድምሩም ከምንጩ ጋር ይተካከላል።

በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ቢፈልግ፣ በ220 ቮልት በየሴኮንዱ 16 ኩሎም ገደማ ያልፍበታል (የመስመሩ ኮረንቲ የሚመላለስ መሆኑ ስሌቱን አያፈርሰውም)፤ የአንዱ ኩሎም ድርሻ የሆነው 220 ጁል ብቻውን 22 ኪሎ ሸክም አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ ይበቃል። ይህን ሲሰሙ ተማሪዎቼ ቁጥሩን ሥጋ ለብሶ ያዩታል፤ እኔም በዚያች ሰዓት ደስ ይለኛል።

ወንዙንና ሽቦውን የሚለያቸው መመለሻው ነው። የወረደውን ውኃ አትንና ዳግም ለደጋው የምታደርሰው ፀሐይ ስትሆን፣ ቻርጁን በባትሪው ውስጥ ወደ ላይኛው እምቅ የሚመልሰው የዚንኩና የማንጋኒዙ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ «ባትሪው አለቀ» ስንልም ያለቀው ይህ የመሥራት ችሎታ እንጂ ቻርጁ አይደለም።