የተመልካቹ ርቀት፦ ኢያን ሆልም ከመድረክ እስከ ካሜራ

በ1959 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስትራትፎርድ ላይ በቀረበው «ንጉሥ ሊር» ንጉሡ ቻርልስ ላውተን ነበር፤ የንጉሡ አጫዋች ደግሞ ኢያን ሆልም የሚባል ገና ሠላሳ ያልሞላው ተዋናይ። ከ38 ዓመት በኋላ ያው አጫዋች በለንደኑ ብሔራዊ ቲያትር ዘውዱን ራሱ ደፋው። በመካከሉ ሮቦት፣ የሯጮች አሠልጣኝ፣ የልጆች ደራሲ፣ የጉዳት ካሳ ጠበቃ፣ ሆቢት፣ ሦስት ጊዜም ናፖሊዮን ሆኗል። ስለ እርሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ ይህ ዝርዝር ይቆጠርና «ሁለገብ» ተብሎ ይታለፋል።

የሚና ብዛት ስለ ትወና የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ዕድሜና ጤና የሰጠው፣ ሥራም የማይንቅ ተዋናይ ሁሉ ረጅም ዝርዝር ይኖረዋል። ሆልምን ለሐያሲ የሚያመቸው አንድን ሚና ይዞ ከመድረክ ወደ ካሜራ ደጋግሞ መሻገሩ ነው። ቃሉ ያው፣ ሰውየው ያው፣ አዘጋጁም ብዙውን ጊዜ ያው። የሚለወጠው ተመልካቹ የተቀመጠበት ርቀት ስለሆነ፣ ተዋናዩ የቱን አጉልቶ የቱን እንደደበቀ ለመመርመር ይቻላል። እኔ እንደማነበው ሆልም ሲመጥነው የኖረው አንድ ነገር ነው፤ ቁጣ።

የተወለደው በ1931 በኢሴክስ ጉድሜይስ ሲሆን አባቱ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ነበሩ። (ከዚህ ተነስቶ የኋላ ሚናዎቹን ሊተረጉም የሚቸኩል አይጠፋም፤ እኔ ብዙም አልተማመንበትም።) በ1954 ስትራትፎርድ ሲገባ ሥራው «ኦቴሎ» ላይ ጦር ይዞ መቆም ነበር። ፒተር ሆል ሮያል ሼክስፒር ኩባንያን ሲያቋቁም አብሮት ቆየ፤ በ1963 ሆልና ጆን ባርተን ባዘጋጁት «የጽጌረዳዎች ጦርነት» ላይ ሪቻርድ ሳልሳዊን ተጫወተ። ቢቢሲ ዝግጅቱን እዚያው ስትራትፎርድ መድረክ ላይ ቀርጾ በ1965 አሰራጨው። እዚህ ላይ የምናየው ሪቻርድ፣ ላውረንስ ኦሊቪየ በ1955 በፊልም ካቆመው ግርማዊ ጭራቅ በእጅጉ ይርቃል። ቁመቱ አጭር ነው፣ ፊቱም የልጅ ፊት ነው፤ ክፋቱ ከሳቁ ኋላ ዘግይቶ ይመጣል።

ከዚህም በላይ የሚያስተምረው የሃሮልድ ፒንተር «ዘ ሆምካሚንግ» ነው። ሆልም በሴቶች ገላ የሚነግደውን ሌኒን በ1965 ለንደን ላይ፣ በ1967 ኒውዮርክ ላይ ተጫውቶ የቶኒ ሽልማት አገኘበት፤ በ1973 ደግሞ ያው ፒተር ሆል ተውኔቱን ወደ ፊልም ሲመልሰው ሚናውን ይዞ ገባ። ሌሊት ነው፤ ሌኒ ለማያውቃት የወንድሙ ሚስት ለሩት፣ ሴት ስለደበደበበት ቀን ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ይተርክላታል። ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይጋጠማሉ። የትዕይንቱን ትልቁን ክፍል ድምፁን ሳያነሳ ይዘልቀውና፣ ሩት ውሃዋን ጠጥታ ደረጃውን ስትወጣ ከኋላዋ ይጮኻል። ጩኸቱ የሽንፈቱ ማስረጃ ነው። ፊልሙ ይህን የመድረክ ምት አልነካውም። ካሜራው ቀርቦ የሚጨምርልን የትሕትናውን ንጽሕና ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ተስተካክሎ፣ ተወልውሎ ይወጣል፤ አስፈሪነቱም እዚያው ላይ ነው።

በ1976 የዩጂን ኦኒል «ዘ አይስማን ካሜዝ» ላይ ሂኪ ሆኖ ሲሠራ መድረክ ላይ ቃሉ ከዳው፤ ጥሎ ወጣ። ሂኪ እጅግ ረጅም ንግግር የተሸከመ ሚና ነው፤ ሸክሙ ግን የያዘውን የመድረክ ፍርሃት ሙሉ በሙሉ አያስረዳም፣ ሪቻርድንና ሄንሪ አምስተኛን የተሸከመ ሰው ነበርና። ከዚያ በኋላ እስከ 1993 ድረስ መድረክን ሸሽቶ ኖረ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ዓለም በደንብ የሚያውቀው ሆልም የተሠራው በስደቱ ዘመን ነው። በ1978 በቢቢሲ «ዘ ሎስት ቦይስ» ላይ የ«ፒተር ፓን»ን ደራሲ ጄ. ኤም. ባሪን ሆነ፤ የሌሎችን ልጆች ከልክ በላይ የሚወድድ፣ ከእነርሱ ጋር ግን የማይቆጠር ሰው። በዓመቱ በሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ላይ የመርከቧ የሳይንስ ሹም አሽ ሆኖ መጣ። ፊልሙን መጀመሪያ ያየ ሰው አሽ ሮቦት መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ያየ ግን ሆልም ምንም እንዳልደበቀ ያስተውላል። ባልደረቦቹ ሲፈሩ እርሱ የሚታይበት የማወቅ ጉጉት ነው። ራሱ ተቆርጦ፣ ነጭ ፈሳሽ እየወረደው፣ ተስፋ እንደሌላቸው ሲነግራቸው የምትታየው ትንሽ ፈገግታ ከሌኒ ትሕትና ጋር የሥጋ ዝምድና አላት።

በ1981 «ቻርየትስ ኦፍ ፋየር» ላይ ሳም ሙሳቢኒ ሆነ፤ ሃሮልድ አብርሃምስን ለ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ያሠለጠነው ሰው። ለክፍያ የሚሠራ አሠልጣኝ ስለሆነ ስታዲየም ውስጥ ቦታ የለውም፤ ውጤቱን የሚያውቀው ከሆቴል ክፍሉ መስኮት ባንዲራ ሲወጣ አይቶ ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ይልና የሣር ባርኔጣውን በቡጢ ይበሳዋል። የእንግሊዙን ባፍታና የካንን ሽልማት ያስገኘለት፣ ለኦስካርም ያሳጨው ይህ ሚና ነው። ታላቁ መድረክ ደጅ ላይ የቀረ ሰው በዚህ ሚና መክበሩን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሊዘለው አይችልም። እኔ ግን የማደንቀው ምጣኔውን ነው፤ የአንድ ዕድሜ ቁጭት በአንድ ባርኔጣ ልክ ተቆርጦ ቀረበ።

በዚያው ዓመት በቢቢሲ ሬዲዮ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» 26 ክፍሎች ላይ ፍሮዶን በድምፅ ብቻ ሠራ፤ ከ20 ዓመት በኋላ በፒተር ጃክሰን ፊልም የፍሮዶን ዘመድ ቢልቦን። ሪቨንዴል በሚባለው ስፍራ ቢልቦ አስማተኛውን ቀለበት አይቶ ድንገት ሲስገበገብ፣ አዘጋጁ ፊቱን ወደ አውሬ ለወጠው። አላስፈለገም ነበር፤ ሌኒንና አሽን የሠራ ፊት ተጨማሪ ጥርስ አይሻም።

መድረክ ላይ የተመለሰው በ1993 በፒንተር «ሙንላይት» ነው፤ አልጋ ላይ ሆኖ እየሞተ የሚሳደብ አባት። በ1997 ሪቻርድ ኤር «ንጉሥ ሊር»ን ሲያዘጋጅለት ትልቁን አዳራሽ ትተው ከብሔራዊ ቲያትሩ ሦስት አዳራሾች ትንሹን ኮትስሎን መረጡ። ይህ ምርጫ የትርጓሜው ግማሽ ይመስለኛል። የሆልም ሊር ግርማው የወደቀ ተራራ አልነበረም፤ ቤተሰቡን በቁጣው ሲያሸብር የኖረ አጭር፣ ጉልበተኛ አባወራ ነው። ማዕበሉ ውስጥ ልብሱን ጥሎ ዕርቃኑን ሲቆም ተመልካቹ እጅግ ቅርብ ነበር። በዚህ ሥራ የኦሊቪየ ሽልማትን ወሰደ፤ በ1998ም ኤር ራሱ ለቴሌቪዥን ቀረጸው። ቴሌቪዥኑ የእራት ገበታውን ጠብ አጎላ፣ ማዕበሉን ግን አሳነሰ። በስክሪን ላይ ዝናብና ዕርቃን ለምደናል፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮን የሚተነፍስ የሽማግሌ ገላ ግን አይለመድም።

በዚያው በ1997 የወጣው የአቶም ኢጎያን «ዘ ስዊት ሂርአፍተር» ላይ ሆልም ሚቸል ስቲቨንስ የሚባል ጠበቃ ነው። በአውቶቡስ አደጋ ልጆቻቸውን ያጡ የካናዳ መንደር ወላጆችን ለክስ ያደራጃል፤ የራሱ ልጅ ዞዊ ደግሞ የዕፅ ሱሰኛ ናት። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠች የልጁ የድሮ ጓደኛ አንድ ጧት ይተርክላታል፦ ሕፃኗን ሸረሪት ነድፏት፣ ጉሮሮዋ እያበጠ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ትንፋሿ ቢቋረጥ አንገቷን ሊቀድድላት ቢላዋ ይዞ እየዘፈነላት እንደነበር። ድምፁ አይነሳም፤ እጁ እንኳ ሥራ የለውም። ሴት ልጁን ሊያድን ቢላዋ ያነሳ አባት እዚህ አለ፤ እዚያ ደግሞ ሴት ልጆቹን በአንደበቱ የሚረግም ንጉሥ። በአንድ ዓመት የቀረቡትን እነዚህን ሁለት አባቶች አጠገብ ለአጠገብ አይቼ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ሽልማቱ ከሄደበት ተቃራኒ ለመሄድ አልፈራም፤ የሆልምን ታላቁን ሊር የማገኘው አውሮፕላኑ ወንበር ላይ ነው።