ሳያማስሉ ይጀምሩ

የዝውውር ደብዳቤው ሲደርሰኝ በአዳማ የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ወዳጆቼ ሶደሬ ወርደን ፍል ውሃ እንግባ፣ ቆቃ ሄደን ዓሣ እንብላ አሉኝ። ሁለቱንም እወዳለሁ። ግን ሶደሬና ቆቃ የትም ብኖር ተመልሼ የምሄድባቸው ናቸው። እኔ የቀሩኝን ከሰዓት በኋላዎች የፈለግኋቸው ሰው ሥራውን አሳምሮ ሲሠራ እያየሁ ዓመታት ለተቀመጥኩባቸው ቦታዎች ነበር።

አንደኛው ጠባብ ጁስ ቤት ነው። መደርደሪያው ላይ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ዘይቱና ይደረደራል። ፍራፍሬ ለአዳማ እንግዳ አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ከከተማው በታች ናቸው፤ አቮካዶው ከሲዳማ ተጭኖ በሻሸመኔና በሞጆ በኩል ይገባል። ስኳር በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው ወንጂም ጎረቤታችን ነው። ይህ ሁሉ ግን ጥሬ ዕቃ ነው። እኔን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ስፕሪስ የሚሠራው ልጅ እጅ ነው።

አቮካዶውን ከመቁረጡ በፊት በአውራ ጣቱ ከአንገቱ ላይ በስሱ ይጫነዋል። ከበሰለ ዙሪያውን ቆርጦ ያጣምመዋል፤ ፍሬውን በቢላ ጫፍ ነቅሎ ይጥላል። ከዚያ የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ እዩ። ከልጣጩ የተጣበቀው ሥጋ ከሁሉም ይልቅ አረንጓዴ ነው። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው እዚያው ይተወዋል፤ ኃይለኛ እጅ ደግሞ ልጣጩን አብሮ ይፍቅና ጁሱን መራራ ያደርገዋል። እሱ ማንኪያውን አጋድሞ ያን አረንጓዴ ይሰበስባል። የሚጥለው ልጣጭ እንደ ወረቀት ስስ ነው።

ቀጥሎ የውሃው ነገር ይመጣል፤ ጥበቡም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለፓፓያ ጠብታ ውሃ አይጨምርም፤ የራሱ ይበቃዋል። አቮካዶ ግን ያለ ውሃ መፍጫው ውስጥ አይዞርም፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ያጠጣዋል። ማንጎውን በማጥለያ አሳልፎ ጭረቱን ያስቀራል። እያንዳንዱን ለብቻው ከፈጨ በኋላ ማንኪያውን ከፍ አድርጎ አወራረዱን ያያል። እንደ ገንፎ ከተንጠለጠለ ወፍሯል፤ እንደ ወተት ከወረደ ቀጥኗል። የሚፈልገው እንደ ማር ተስቦ የሚወርደውን ነው። ሦስቱም ውፍረታቸው ካልተቀራረበ አንዱ በሌላው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ስፕሪስ የሚለውን ቃል ለሻይና ለቡናም እንጠቀምበታለን። እዚያ ስኳሩ ያከበደው ሻይ ከታች ይቀመጣል፣ ቡናው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ስኳሩ ነው። በጁስ ግን ሸክሙ በሙሉ የሚወድቀው እጅ ላይ ነው። ልጁ ብርጭቆውን በግራ እጁ ያዘነብልና የማንኪያውን ጀርባ ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር ያስጠጋል። ማንጎው በማንኪያው ላይ ተንሸራቶ ያርፋል። አቮካዶው ይከተላል፤ ፓፓያው ከላይ ይተኛል። ብርጭቆው እየሞላ ሲሄድ እጁ እያቀናው ይሄዳል። ሲጨርስ የብርጭቆውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ግማሽ ሎሚ አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሮ መስመሩን ይመለከታል። መስመሩ ከፈረሰበት አይሸጠውም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ማንኪያዬን ወደ ግርጌ ስሰድ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ሳያማስሉ ይጀምሩ» አለኝ። ድምፁ ትሑት ነበር፤ ቢሆንም ከልቡ ነው የተናገረው።

ይህ ሥራ ዕድሜው አምስት ደቂቃ ነው። የሸማኔው ኩታ ዓመታት ይለበሳል፣ የግንበኛው ግድግዳ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የዚህ ልጅ ሥራ ተጠጥቶ ያልቃል፤ ብርጭቆው ታጥቦ ለሌላ ሰው ይሞላል። እሱ ግን ለመቶኛው ብርጭቆ የሚሰጠው ጥንቃቄ ለመጀመሪያው ከሰጠው አያንስም። እኔ በዚህች ከተማ ያየሁት ትልቁ የሙያ ክብር ይህ ነው።

ሁለተኛው ቦታዬ የጋሪዎች መቆሚያ ነው። ባጃጅ ዋና ዋናውን መንገድ ከያዘው ወዲህ ጋሪ ወደ ውስጥ ለውስጥ ሰፈር ተገፍቷል፤ ጋሪ የሚሠራ እጅ ግን ገና አለ። ጥሩ ጋሪ የሚታወቀው ሰው ሲሳፈርበት ነው። ክብደቱ ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው ብረት ላይ ካረፈ ፈረሱ ይጎትታል እንጂ አይሸከምም። ወደፊት ካጋደለ ጀርባውን ይጫነዋል፤ ወደኋላ ካጋደለ የሆዱን ጠፍር ሽቅብ ይስብበታል። አንድ ባለጋሪ «ወንድሜ፣ ስንዝር ያህል ወደኋላ በል፤ ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው የተቀመጥከው» ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። በደረት በኩል የሚያልፈውን ጠፍር አሳየኝ። ውስጡ የበግ አጎዛ ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ እኩል እኩል ነው፣ ቋጠሮዎቹ ግን ሁሉም ወደ ውጭ ወጥተዋል። ልስልሱ ጎን ለፈረሱ፣ ሻካራው ለተመልካች። የሰፋው ሰው ማንን አስቦ እንደሰፋ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገውም።

አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሦስተኛው ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ እርምጃ ይሻገሩታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሏል። እኔ አሮጌው ላይ ቁጭ ብዬ የማየው አንዱ የሐዲድ ብረት ከቀጣዩ ጋር የሚጋጠምበትን ነው። መሐላቸው ትንሽ ክፍተት ተትቷል። ብረት በሸለቆው ፀሐይ ሲግል ይረዝማል፤ መርዘሚያ ካጣ ይጎብጣል። ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማ የነበረው ያ ተደጋጋሚ ምት ከዚህ ክፍተት የሚወጣ ነው።  

በመጨረሻው ቀን ዕቃዬ ከተጫነ በኋላ ወደ ጁስ ቤቱ ተመለስኩ። መሄዴን ለልጁ አልነገርኩትም። እንደ ሁልጊዜው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና ሰጠኝ። ከዳር እየቀነስኩ፣ ሳላማስል፣ ቀስ ብዬ ጠጣሁ። መስመሩ እስከ መጨረሻው ማንኪያ ድረስ አልፈረሰም።