ዋርካ የሌለው አውጫጭኝ

«ገዳዩ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን በወልድያ ግቢያችን ከመኝታ ክፍል እስከ ሻይ ቤት ያልገባበት የለም። ነገሩ የተነሣው በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ ጆንቤኔ ራምዚ አሟሟት የወጣው ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ከጀመረ ወዲህ ነው። ከመርሳ የመጣውም፣ ከውርጌሳ የመጣውም፣ የሕግ ተማሪውም፣ የሒሳብ ተማሪውም መርማሪ ሆኗል። ይኸ ክርክር ሂስ ይገባዋል እላለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ወንጀል ይምሰል እንጂ አብዛኛው የሚባለው ስለ ድርሰት ነው።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ነገሩ በአጭሩ ይኸ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1989 ዓ.ም. (በፈረንጆች ዲሴምበር 26 ቀን 1996) ማለዳ፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ አንዲት እናት ለፖሊስ ደወለች። የ6 ዓመት ልጇ አልጋዋ ላይ የለችም፤ በምትኳ 118,000 ዶላር የሚጠይቅ፣ ሁለት ገጽ ተኩል የሞላ ደብዳቤ ተገኝቷል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ አባት የልጅቱን አስከሬን እዚያው በገዛ ቤታቸው ምድር ቤት አገኘው። አንገቷ ታንቋል፤ ራስ ቅሏም ተሰብሯል። እስከ ዛሬ በዚህ ግድያ ተፈርዶበት የታሰረ ሰው የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነውና። የተጻፈው በዚያው ቤት ወረቀትና በዚያው ቤት ብዕር ነው። «ገዳዩ ከቤት ነው» የሚለው ወገን «የትኛው ሌባ ነው ሰው ቤት ተቀምጦ ይህን ያህል የሚጽፈው?» ይላል። «ከውጭ ገብቶ ነው» የሚለው ደግሞ «ቤተሰቡ ማታ የገና ግብዣ ሄዶ አልነበር? እንደ ልቡ ጽፏል» ብሎ ይመልሳል። ገንዘቡ አባትየው በዚያ ዓመት ካገኘው የሥራ ጉርሻ ጋር ይቀራረባል። ለአንደኛው ይኸ የቤተሰብ ምሥጢር ነው፤ ለሁለተኛው እዚያው ቤት ውስጥ የተገኘ ወረቀት ላይ የተነበበ ቁጥር ነው። አነጋገሩ የፊልም ጠረን አለው፤ አንደኛው «እናትየዋ ጋዜጠኝነት የተማረች ናት፣ መጻፍ ታውቃለች» ሲል ሁለተኛው «ፊልም የሚያይ ጎረምሳ ነው» ይላል። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ ለሁለት ተቃራኒ ንባቦች እኩል ከታዘዘ፣ ማስረጃ የተባለው ነገር ማስረጃነቱ ምኑ ላይ ነው? እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግጥም ስናነብ ይህን ብዙ ትርጉም መያዝ እንደ ጸጋ እንቆጥረዋለን። ሰው በሚወነጀልበት ቦታ ግን ጸጋ አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ከሁሉም የከፋው ነው። ጠረጴዛ ላይ አናናስ ያለበት ሳህን ተገኝቷል፤ በልጅቱም ሆድ ውስጥ አናናስ የሚመስል ነገር ታይቷል። ከዚህች ቁራጭ ፍሬ ተነሥቶ ወንድምዬው ተቆጥቶ መታት፣ ወላጆቹም ሸፋፈኑለት የሚል ሙሉ ታሪክ ተደርሷል። ልጁ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበር! በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይህን ሐሳብ በሰፊው አሠራጨ፤ አሁን ሙሉ ሰው የሆነው ያ ወንድም ከሰሰ፤ ነገሩ በ2019 በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 የቦልደር ዐቃቤ ሕግ የነበረችው ሜሪ ሌሲ፣ በልጅቱ ልብስ ላይ የተገኘው የማይታወቅ ወንድ ዘረመል ከቤተሰቡ እንዳይደለ ጠቅሳ ቤተሰቡን በጽሑፍ ነጻ አድርጋለች። በደብዳቤዋ ችኮላ አለበት የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። በአናናስ ግን ሕፃን ነፍሰ ገዳይ አይባልም።

አያቶቻችን በዚህ በኩል ልምድ ነበራቸው። ወንጀለኛ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ዋርካ ሥር ይሰበሰብና አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ስም እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። የራበው፣ የደከመው፣ ከብቱ በረት የዋለበት ሁሉ በመጨረሻ አንድ ስም ያወጣል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ዘመድ የሌለውን ሰው ስም። ሌባሻይ ደግሞ ነበር፤ ልጅን መጠጥ አጠጥተው ራሱን ሲስት ይለቁታል፤ ደርሶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ነው። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች በዚህ ይስቃሉ። ታዲያ እነሱስ የሞተች ልጅ ፊት ለፊት አስቀድመው፣ እሷ በወደቀችበት ቤት ያለውን ሁሉ እየጠቆሙ አይደል? የአያቶቻችን አውጫጭኝ ቢያንስ አገሩን ሁሉ በአንድ ዋርካ ሥር ይሰበስብ ነበር።

የጥፋቱ ሥር፣ በእኔ አስተያየት፣ የምርመራ ልቦለድ ነው። ኮናን ዶይልንም ሆነ የእኛኑ ይልማ ሀብተየስን ያነበበ ሰው አንድ ሕግ ሳያውቀው ይለምዳል፤ ይኸውም ገዳዩ ከገፀ ባሕርያቱ መካከል መሆን አለበት የሚል ነው። ደራሲው ባዕድ ሰው በመጨረሻው ገጽ ቢያመጣብን «አታለለን» ብለን መጽሐፉን እንወረውራለን። ሕይወት ግን ለዚህ ሕግ አትገዛም፤ ገዳዩ በፊልሙ ስሙ ያልተነሣ፣ ማንም ያላሰበው ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መልስ ለሴራ አይመችም፤ ስለዚህ ተከራካሪው አይፈልገውም። በ2006 አንድ ሰው ባንኮክ ተይዞ «እኔ ነበርኩ» ብሎ ሲናዘዝ ዓለም በደስታ ተቀበለው፤ ዘረመሉ ሲመረመር አልገጠመም፤ ተለቀቀ።

አሰልቺውን እውነት ማንም አያነሣውም። ቤቱ በዚያ ማለዳ አልታሸገም። ወዳጅ ዘመድ ገባ፣ ወጣ፤ አስከሬኑም ከተገኘበት ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። ነገሩ ሳይፈታ ለመቅረቱ ከማንኛውም መላ ምት ይልቅ ይኸ የሚበቃ ምክንያት ነው፤ ግን ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ማሸጊያ ክር ማን ይከራከራል?

የእኛው አገር ጉዳይ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የባሕር ዳሯ የ7 ዓመት ሕፃን አሟሟት በ2016 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን አስቀድሞ ለይቶ ስለነበር፣ ቁጣው የሄደው ወደ ቅጣቱ ማነስና ወደ ሕጉ ነበር። ያ ክርክር ጯሂም ቢሆን የሚይዘው ጉዳይ ነበረው።

«አንተስ የማን ወገን ነህ?» ለሚለኝ፤ ሉ ስሚትና ስቲቭ ቶማስ የሚባሉ ሁለት መርማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ሠርተዋል። ስሚት ከውጭ የገባ ነው ሲል ቶማስ እናትየዋን ጠረጠረ። ሁለቱም በ1998 ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሁለቱም እርግጠኛ ነበሩ። እኔ የዘረመሉን ባለቤት እጠብቃለሁ። የቤት ነው ባዩ ያንን ዘረመል፣ የውጭ ነው ባዩም ያንን ረጅም ደብዳቤ እስኪያስረዱኝ ድረስ ከሁለቱም ጋር ሻይ እጠጣለሁ እንጂ ስም አላወጣም።