ለገና የተጣለ

ማር ውሃ ውስጥ ሲገባ ቶሎ አይሟሟም፤ ወርዶ ከሥር ይተኛል። እማማ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ያፍሱታል፣ በጣቶቻቸው መሃል ያሾልኩታል፣ መልሰው ያፍሱታል። ሰፈፉ ተገንጥሎ ብቅ ሲል በግራ እጃቸው ወደ ዳር ገፋ ያደርጉታል። ቀኑ ታኅሣሥ 10 ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ ቆሜ የገና ጠጅ ሲጣል አያለሁ።

«ዛሬ ካልተጣለ አይደርስም፣ ልጄ» አሉኝ። «ለፋሲካ ቢሆን ገና ሳምንት እንተኛ ነበር።»

ይህቺን ንግግራቸውን ይዤ ብዙ አሰብኩ። ጠጅ ማርና ውሃ፣ ጌሾም ነው፤ ሦስቱን ያላወቀ የለም። የበዓል ጠጅ ግን አራተኛ ነገር ይፈልጋል፤ እሱም ቀን ነው። የታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ይቆረጥማል፤ ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው ጠጁ ቀስ ብሎ ይፈላል። ስለዚህ እማማ የገናውን ከ19 ቀን በፊት ይጥላሉ፣ ጋኑን በአሮጌ ጋቢ ይጠቀልላሉ፣ ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ ያስጠጉታል። ሚያዝያ ላይ ጋቢው ይወልቃል፤ ቀኑም ያጥራል። የሁለቱ በዓላት ጠጅ ከአንድ ጋን ቢወጣም አንድ አይደለም።

ማሩም የበዓሉን ቀን ይዞ ይመጣል። መስከረም ላይ አደይ ሜዳውን ሲያለብስ፣ መችና ኑግም ሲከተሉ፣ ንቡ ይሰበስባል፤ ማሩ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይቆረጣል። እማማ ፊት ያለው ከጎጃም የመጣው ማር ቢጫ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ በማንኪያ ሲነሳ እንደ ቅቤ ይቆረሳል። እንግዲህ በደመራ ሰሞን ያበበው አበባ በገና ቀን ብርሌ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ብቻውን ግን አይጥሉትም። ሁለት እጅ የጎጃሙን፣ አንድ እጅ ከከፋ የመጣ ጠቆር ያለ የደን ማር ይደባልቃሉ። ቢጫው ሽታ ይሰጣል፤ ጥቁሩ ደግሞ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ የሚቆየውን ነገር። ለፋሲካ የግራዋ አበባ ማር ሲያገኙ ጌሾውን ይቀንሳሉ፤ «እሱ የራሱ ምሬት አለው» ይላሉ።

ልኩ አንድ ማር ለሦስት ውሃ ነው። ለገበያ የሚጣለው አራትና አምስት ውሃ ይገባበታል፤ እሳቸው ግን ለበዓል ከሦስት አያልፉም።

ጋኑ ከዋዜማው ጀምሮ ተሰናድቷል። በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቧል፣ ፀሐይ ላይ ደርቋል፣ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ በወይራ ጭስ ታጥኗል። ስታጥን እሳት እንጂ ነበልባል አይፈለግም፤ እማማ ወይራው ነደድ ሲል ውሃ እርጭ እያደረጉ ጭሱን ያወፍሩታል። ጭሱ ሲበዛ ጠጁ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይላል፣ ሲያንስ ደግሞ ጋኑ ጋን ጋን ይሸታል። በሁለቱ መሃል ያለውን የሚያውቀው አፍንጫቸው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰፈፉ ተገፈፈ። ከብርዙ ጥቂት ቀድተው ከጌሾ እንጨት ጋር ቀቀሉ፣ አቀዘቀዙ፣ መልሰው ጋኑ ውስጥ ጨመሩት። ለጠላ ቅጠሉን፣ ለጠጅ እንጨቱን የሚሉት በዚህ ነው፤ እንጨቱ ምሬቱን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ሲበቃውም ተለቅሞ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ግን የገና ጾም ያከብደዋል። እማማ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይቀምሱም። ጠዋት ጠዋት ጋኑን የሚያውቁት በጆሮ ነው፤ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ጎንበስ ይላሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ እንደ ርቆ የሚዘንብ ካፊያ ነበር። በሁለተኛው እየራቀ እየራቀ ሄደ። እኔም ጎንበስ ብዬ ሰማሁ፤ ያልነገሩኝን የወይራውን ሽታ ከድምፁ በፊት አገኘሁት።

አራዳ ለዚህ ሙያ እንግዳ ሰፈር አይደለም። ጠጅ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም በ1880 ዓ.ም. ስትመረቅ ያበሉትን ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው አስፍረውታል። ከተማዋ ወደ ፍልውሃ ወርዳ ስትሰፋ ጊዮርጊስ ዙሪያ ትልቁ ገበያ ቆመ፤ በ1898 ዓ.ም. እቴጌይቱ ሆቴላቸውን እዚያው ተከሉ፤ የግሪክ፣ የአርመንና የጣሊያን ነጋዴ የወይን ጠርሙሱን ይዞ መጣ። ዛሬም በበዓል ቀን ከጠጁ ጎን አክሱማይት ወይም ጉደር የሚከፈትበት ቤት ብዙ ነው። የጠርሙሱ ወይን ግን ዓመቱን ሙሉ ያው እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የጋኑ ጠጅ በዓሉን ይመስላል።

በዓሉን የሚመስል ወይን ሌላም አገር አለ። ፈረንሳዮች የቦዦሌን አዲስ ወይን የሚከፍቱት በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት አይሸጥም። ጆርጂያውያን ክቨቭሪ የሚሉትን የሸክላ ጋን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቀብረው ወይናቸውን ያፈላሉ፤ እማማ በጋቢ የሚያደርጉትን እነሱ በአፈር ያደርጉታል። ዩኔስኮ ያንን የክቨቭሪ ሙያ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2013 ባኩ ላይ በተቀመጠው ጉባኤ ነው፤ የእኛን የመስቀል በዓል የመዘገበውም ያው ጉባኤ ነበር። እነሱ ጋኑን አስመዘገቡ፣ እኛ በዓሉን። ጋናችንም ቢመዘገብ እወዳለሁ።

ምክንያቱም ሙያው እየሳሳ ነው። ከአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች የተወሰደ ናሙና በተመረመረበት ጥናት የአልኮሉ መጠን አንዱ ጋ ከ3 በመቶ በታች፣ ሌላው ጋ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ስም የያዘ መጠጥ ይህን ያህል የሚራራቀው እጅ ስለሚለያይ ነው። ማሩ ሲወደድ ስኳር ይገባል፤ ስኳሩ ቀለም ስለሌለው ቢጫ ማቅለሚያ ይከተለዋል። የማር ጠጅን ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት፤ ደመና አለበት፣ ቢጫው ከመሃል ወደ ዳር ይሳሳል። ማቅለሚያው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

እማማ ግቢ ሁለት ጋን አለ። አንዱ የጎረቤታቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ጎረቤቲቱ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ ጋኑን አራተኛ ፎቅ ማውጣት አልተቻለም፣ እሳቸው ጋ ቀረ። ሸክላ እርሾውን በቀዳዳዎቹ ይዞ ይኖራል፤ የሁለት ቤት ጋን የሁለት ቤት ጠጅ ያወጣል። «የእሷ ችኩል ነው፣ የኔ ዝግተኛ» ይላሉ። በአንድ ቀን ከአንድ ማር የተጣለው ጠጅ በጎረቤቲቱ ጋን ደርቆ ጠንከር ብሏል፤ በእሳቸው ጋን ገና ማሩን አልጨረሰም።

ታኅሣሥ 27 ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለቱም በነጠላ ተጠለሉ። እማማ ከችኩሉ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ፤ ዱሮ አሳላፊ በጌታው ፊት እንደሚያደርገው። ከዝግተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በብርሌ ይቀላቅሉ ጀመር። ሁለት ብርሌ ከችኩሉ፣ አንድ ከዝግተኛው። አነሳቸው። ሁለት በሁለት። ብርሌውን አንገቱን በሁለት ጣት ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፣ አፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ተጎነጩ፣ ዝም አሉ።

«ለጥምቀት የሚቀረው ይደርቃል» አሉኝ፣ «12 ቀን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ይጣፍጥ።» ከዝግተኛው ግማሽ ብርሌ ጨመሩበት።

እኔም ቀመስኩ። መጀመሪያ የመጣው የአደይ ሽታ ነው፣ ከኋላው ጭሱ፤ ጌሾው ጉሮሮ ላይ ጠበቀኝ፤ የደኑ ማር ከሁሉም ዘግይቶ ቀረ። ቀና ስል እማማ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን እየሞሉ ነበር። «ለባለጋኗ ነው» አሉ፣ ክዳኑን በጨርቅ እየጠቀለሉ። «መኪና ላይ እንዳታናውጠው፣ አደራ።»