ሸክላ ሠሪዋ በፈተናው ጠረጴዛ፦ ስለ ኢንዱስትሪ ዲዛይን ትምህርት

በጀርመን ከኡልም የዲዛይን ትምህርት ቤት ከወጡ ሥራዎች ሁሉ ትምህርቱን በደንብ የሚያስረዳኝ አንድ የሆቴል ሳህንና ስኒ ነው። ኒክ ሮሪሽት በ1950ዎቹ ማብቂያ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመመረቂያው ያቀረበው ይህ ሥራ ቲሲ 100 ተብሎ ፋብሪካ ገባ፤ የሮዘንታል ኩባንያም አመረተው። የዕቃዎቹ ልክ እርስ በርስ የተሰላ ስለሆነ ስኒው በስኒው፣ ሳህኑ በሳህኑ ላይ ሳይንገዳገድ ይደረደራል። ዕቃ አጣቢውና አስተናጋጁ ንድፉ ውስጥ ታስበዋል። አንድ የተማሪ ሥራ እዚህ የደረሰው ትምህርት ቤቱ ለፋብሪካውና ለወጥ ቤቱ በሩን ስለከፈተ ይመስለኛል።

ኡልም የተመሠረተው በ1953 ነው። ናዚዎች በ1943 የገደሏቸው የሐንስና የሶፊ ሾል እህት ኢንጌ ሾል፣ ከኦትል አይኸርና ከማክስ ቢል ጋር ሆና አቋቋመችው። በባውሃውስ የዲዛይን ትምህርት ቤት የተማረው ቢል ለኪነ ጥበብ ሰፊ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ አርጀንቲናዊው ቶማስ ማልዶናዶ በበኩሉ ሒሳብና ሥነ ምልክት፣ የሰው አካል ከመሣሪያ ጋር ያለው ግንኙነትም በትምህርቱ ውስጥ እንዲጠናከሩ ሠራ። ቢል በ1957 ለቆ ወጣ። ትምህርት ቤቱም የመንግሥት ገንዘብ ሲቋረጥበት በ1968 ተዘጋ። በቢልና በማልዶናዶ ክርክር ከማልዶናዶ ወገን ነኝ፤ ሆኖም ስሌቱ በርትቶ የዕቃውን ሠሪ ከነጭራሹ ያስረሳበት አካሄድ እንደነበር አልክድም።

ይህን ጉድለት ለማየት ወደ ሕንድ መሄድ ያሻል። አሜሪካውያኑ ዲዛይነሮች ቻርልስና ሬይ ኢምስ በመንግሥት ተጋብዘው በ1958 ባቀረቡት ሪፖርት እንደ አብነት ያነሡት ሎታ የሚባለውን ተራ የውሃ ዕቃ ነበር፦ ምን ያህል ውሃ ይይዛል? ሲሞላና ሲጎድል ሚዛኑ እንዴት ነው? ሲቀዱበት እንዴት ይፈሳል? ዋጋውስ ስንት ነው? ማንም ለብቻው ያልነደፈው፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ያረመው ዕቃ የዲዛይን መማሪያ ሆነ። በ1961 አሕመዳባድ ላይ ብሔራዊ የዲዛይን ተቋም ተከፈተ፤ የኡልም ሰዎችም ልምዳቸውን አካፈሉት።

ከዚህ ተቋም ታሪክ ይበልጥ የሚማርከኝ በ1975 የተጀመረው የጃዋጃ ሥራ ነው። የማኔጅመንት መምህሩ ራቪ ማታይ ራጃስታን ውስጥ ጃዋጃ በሚባል ድሃ አካባቢ የጀመረው ፕሮጀክት የዲዛይን ተቋሙን መምህራንና ተማሪዎችም አሳተፈ። አብረዋቸው የሠሩት ሸማኔዎችና ቆዳ ፋቂዎች ናቸው፤ በካስት ሥርዓቱ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሰዎች። ከቆዳው ቦርሳ፣ ከሽመናው ምንጣፍ ወጣ። ሥራው አዝጋሚ ነበር፤ ገበያው፣ አራጣው፣ የኅብረተሰቡ ንቀት እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ተማሪው ስለ ስፌት የሚያውቀውን ያህል ባለሙያው ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጠዋል። እንዲህ ያለው ግንኙነት የመምህርንና የተማሪን ቦታ ያናጋል፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ያኔ ይመስለኛል።

ጃዋጃ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት የሙያ ስሞች በአገራችን ስድብ ሆነው ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢለዝብም በትምህርት አደረጃጀታችን ውስጥ አሻራው አለ። ዕቃ መሥራት ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ ማሰብ ለዩኒቨርሲቲ ተከፋፍሏል። በአለ ፈለገሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በአንድ በኩል፣ የምህንድስና ፋኩልቲዎች በሌላ በኩል ቆመዋል፤ የኢንዱስትሪ ዲዛይን ደግሞ የሁለቱንም እጅ የሚፈልግ ሙያ ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው አዲስ ነገር መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያምር የዕቃ ምስል በሰከንዶች ያወጣል። ሴሚስተሩን በሙሉ ምስል በማሳመር የሚያሳልፍ ስቱዲዮ ከእንግዲህ ለተማሪው ምን ይሰጠዋል? ማሽኑ ሸክላ ሲሰነጠቅ አልዳሰሰም፤ እንጀራ ከምጣድ አልወጣለት ብሎ አያውቅም።

ምጣዱን ልውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች እንዲህ የሚበላ ጥቂት ነው። ሸክላው የሚሠራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ሲሆን ሽቦውን የሚዘረጋውና ቆርቆሮውን የሚበይደው ሌላ ባለሙያ ነው። ሸክላው ቢሳሳ ቶሎ ይግላል፣ ግን ይሰነጠቃል፤ ቢወፍር ይበረክታል፣ ግን መብራት ይፈጃል። ለእንጨት የሚሆነው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶ ቅልቅል በቅርጽ እየወጣ የማገዶ ፍጆታን በእጅጉ መቀነሱ በዚህ መስክ ብዙ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል።

እንግዲህ አንድ ዓመት ሙሉ በምጣድ ላይ የሚያተኩር ስቱዲዮ ይኑረን እላለሁ። ተማሪው ሙቀቱን ከመሐል እስከ ጠርዝ ይለካ፣ የተሰነጠቁትን ይሰብስብ፣ ጋጋሪዋ አጠገብ ቆሞ ክንዷ የት እንደሚደርስ ይይ። ሸክላ ሠሪዋና ሽቦ ዘርጊው በሰዓት እየተከፈላቸው ያስተምሩ፤ በመመረቂያው ፈተናም ተቀምጠው ውጤት ይስጡ። ዲግሪ የላቸውም የሚል ተቃውሞ ከመዝገብ ክፍል ይመጣል። የመምህራን ቅጥር ደንቡ ስለ ሙያ ልምድ አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት ይህ ይፈታል፤ አንቀጹን ማርቀቅ ያለባቸውም ራሳቸው የዲዛይን መምህራኑ ናቸው።