መሰላሉን የማያሳይ ቅጂ

መሰላሉን ያየሁት በሁለተኛው ጊዜ ነው። የዳይሬክተር ፒተር ግሪናዌይን «የነዳፊው ውል» ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከቪዲዮ ቤት በተከራየሁት፣ ከቅጂ ላይ በተቀዳ ካሴት ነበር። ምስሉ ያኔ የነበረውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ ግራና ቀኙ ተቆርጧል፤ ሣሩም ወደ ቡናማ አድልቷል። ታሪኩን ተከትዬ ጨረስኩ፣ ምሥጢሩ ግን አመለጠኝ። ከዓመታት በኋላ ያልተቆረጠውን ሳይ፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ የሆነው፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው መሰላል ለካ ሁልጊዜም እዚያው ነበረ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ የግድያ ምሥጢር ፊልም የምመዝነው ከነቅጂው ነው።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደው ግን በ1694፣ በእንግሊዝ ገጠር ባለ አንድ የባለርስት ግቢ ነው። ባልየው ከቤት ርቆ ሳለ ወይዘሮ ኸርበርት ሚስተር ኔቪል ከሚባል ነዳፊ ጋር ትዋዋላለች። እሱ ቤቱንና አትክልቱን በ12 ሥዕሎች ይነድፋል፤ እሷ ከገንዘቡ ሌላ ገላዋንም ልትሰጠው ትፈርማለች።

የኔቪልን አሠራር ልብ ብላችሁ እዩት። በክር አራት ማዕዘን የተከፋፈለ የእይታ ፍሬም መቆሚያ ላይ ይተክላል፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ያጸናል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ያየውን ወረቀቱ ላይ ወዳለው ተመሳሳይ ክፍል ያሻግራል። የሚያውቀውን ሳይሆን የሚያየውን ብቻ ነው የሚነድፈው፤ በዚህም ይኮራል። አንድ ቀን ሸሚዝ ያልሆነ ቦታ ተሰጥቶ ይገኛል፤ ይነድፈዋል። ሌላ ቀን የግልቢያ ቦት ጫማ ሜዳ ላይ ተጥሏል፤ እሱንም ይነድፈዋል። ማን እንዳስቀመጠው አይጠይቅም። የባልየው የሚስተር ኸርበርት አስከሬን ግቢውን ከከበበው ውኃ ሲወጣ ግን እነዚያ ሥዕሎች ማስረጃ ይሆናሉ፤ ለነዳፊውም ወጥመድ። በቅርብ የምናያቸውን ሥዕሎች የሠራው ራሱ ግሪናዌይ ነው፤ የሥዕል ትምህርት ቤት ልጅ መሆኑ በየመስመሩ ይታወቃል።

ያለፈ ዘመንን የሚያሳይ ፊልም በልብሱ ውበት ብቻ ሲወደስ እናደዳለሁ። እዚህ ዊጎቹ ሆን ተብለው ከልክ በላይ ረዝመዋል፣ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ነዳፊው ፍሬም ተተክሎ ይቀራል። ጥሩ የግድያ ምሥጢር ማስረጃውን አስቀድሞ ዓይናችን ሥር ያኖራል፣ ከዚያ ማንም ጣቱን ሳይቀስርበት ያልፋል። ይህ ፊልም ገዳዩን በስም አይነግረንም፤ እኔ ግን ተታለልኩ ብዬ አላውቅም፣ ባልተቆረጠው ቅጂ የሚያስፈልገው ሁሉ ፊቴ ነበርና። ንግግሩም ሰምና ወርቅ ነው። ሰዎቹ ስለ ፍራፍሬና ስለ ርስት እያወሩ ስለ አልጋና ስለ ውርስ ይደራደራሉ፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ የሌለውን ዲስክ አትግዙ።

አሁን ወደ ዲስኩ። የምስሉ ወርድ የቁመቱ 1.66 እጥፍ ነው፤ የዛሬው ቴሌቪዥን ደግሞ 1.78። ስለዚህ በግራና በቀኝ ቀጭን ጥቁር መስመር መታየት አለበት። ምስሉ ስክሪኑን ጥርቅም አድርጎ ከሞላው፣ አንድ ሰው ከላይና ከታች ቆርጦታል ወይም ወደ ጎን ለጥጦታል። ስለ ፍሬም በተሠራ ፊልም ላይ ይህ ይቅር የሚባል ጥፋት አይደለም።

ቀጥሎ የምስሉ ቅንጣት። ካሜራማኑ ከርቲስ ክላርክ የቀረጸው ሱፐር 16 በሚባል ጠባብ ፊልም ነው፤ ለሲኒማ ወደ 35 ሚሊ ሜትር አድጓል። የተቀረጸበት ፊልም ጠባብ በመሆኑ ሰማዩም ግድግዳውም ላይ ቅንጣቱ ሲርመሰመስ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ቆሻሻ ይለዋል፣ አንዳንድ አሳታሚም በኮምፒዩተር ይጠርገዋል። ሲጠረግ ግን ቅጠሉ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይመስላል፤ የዳንቴሉ ጥልፍና የእርሳሱ ጭረትም አብሮ ይሄዳል። የብሪታኒያ ፊልም ኢንስቲትዩት ለ40ኛ ዓመቱ በ2022 በ4ኬ ያደሰውን ስታዩ ቅንጣቱን ፈልጉት፤ መኖሩ ጤንነት ነው።

ድምፁን ለመፈተን የቴሌቪዥኑን ምስል አጥፉና አድምጡ። ማይክል ናይማን ሙዚቃውን የሠራው ከዘመኑ የሙዚቃ ደራሲ ከሄንሪ ፐርሰል ተደጋጋሚ የባስ ዜማዎች ተነሥቶ ነው፤ ፐርሰል ያረፈው በ1695፣ ታሪኩ ከሚካሄድበት ዘመን አንድ ዓመት በኋላ ነው። ሳክስፎኖቹ ሲጮኹ ከሥር የሚመላለሰው ባስ ተለይቶ ካልተሰማ ቅጂው ደካማ ነው።

ጊዜ ካጠራችሁ የመጨረሻውን ትዕይንት ብቻ ክፈቱ። ሌሊት ነው፣ ብርሃኑ እሳት ነው። ገላውን ቀለም ተቀብቶ ሐውልት መስሎ ሲዞር የከረመው ሰው አናናስ ይገምጣል፣ ከዚያ ይተፋዋል። በጥሩ ዲስክ ቆዳው ላይ የደረቀው ቀለም ስንጥቅጥቁ ይታያል፤ ከጀርባው ያለው ጨለማም ጥቁር ይሆናል እንጂ ግራጫ አይሆንም።