የተቀባዮቹ ድምፅ

ሰሞኑን ከደሴ ተነስቼ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም ደርሼ ተመልሻለሁ። ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው፤ ዘፈን፣ መንዙማ፣ የአውድማ ዜማ፣ የሠርግ ጨዋታ፣ ያገኘሁትንና የተፈቀደልኝን ሁሉ። ከጉዞው በፊትና በኋላ ያነበብኳቸው መጻሕፍት፣ ያየኋቸው ፊልሞችና ያዳመጥኳቸው ካሴቶች አሉ። ለየብቻ ላወራቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ወሰዱኝ፦ ስንኙን የሚያወጣው አውጪ ሲቀዳ፣ አዝማቹን የሚመልሰው ተቀባይ የት ይሄዳል?

ከደሴ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ጉጉፍቱ ላይ ይቀበላል። ለጋምቦ ሲገባማ ጋቢ የሌለው ሰው ተሳፋሪው ሁሉ የሚያዝንለት እንግዳ ይሆናል። አገሩ ደጋ ነው፣ ከፍ ሲልም ውርጭ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ ፈሪት እዚሁ ነው። ገበሬው ገብሱን እያየ፣ ከክረምቱ እኩል የበልጉን ዝናብ እየጠበቀ ይኖራል፤ በልግ ከቀረ ዓመቱ ጎደለ ማለት ነው። ይህን የምለው አገሩን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። ዜማው ከዚህ ኑሮ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ምን እንደሚዘፈንና መቼ እንደሚዘፈን የሚወስነው ዝናቡና አዝመራው ነው።

እዚያው ለጋምቦ፣ አቀስታ ላይ ማይክሮፎን ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀዳው ነፋስ ነው። ፀጉራሙን የነፋስ መከላከያ ሳላለብስ ከቤት አልወጣም። መለዋወጫ ባትሪዎቼን ከጋቢው ሥር ደረቴ ላይ እይዛለሁ፤ ብርድ ባትሪን ቶሎ ያደክማል። ብዙ ባለሙያ ነፋሱን ለመቀነስ ወፍራሙን፣ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ ይጫናል። ድቤ፣ ማለትም የመንዙማው ከበሮ፣ ባለበት እኔ ይህን ቁልፍ አልነካም፤ የድቤው ሆድ ያለው እዚያው ነውና። ነፋሱን መሸሽ ካስፈለገ ቦታ መቀየር ይሻላል። ከግድግዳ ጀርባ፣ ከጭድ ክምር ሥር፣ ከቤት ውስጥ። ቤት ውስጥ ደግሞ ቆርቆሮው ይንቋቋል፤ እሱን እተወዋለሁ። የአቀስታ ሌሊት እንዲያ ነው የሚሰማው።

አንድ የሐሙስ ምሽት ለዱዓ የተሰበሰቡ ሰዎች መንዙማቸውን እንድቀዳ ፈቀዱልኝ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እየተሻገረ ነው፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ወደ በሩ ጠጋ ብለው ተቀምጠዋል። አንደኛውን ማይክሮፎን ከሚያወጡት ሼህ ፊት ከክንድ አለፍ ባለ ርቀት ላይ አቆምኩ። ሌሎቹን ጥንድ ማይክሮፎኖች ይዤ ወደ በሩ ሳልሄድ ገና፣ አንዲት ዱበርቲ፣ በዱዓቸው የሚከበሩ እናት፣ ከጥግ ሆነው ተጣሩ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ነገር ለሼኹ ብቻ ነው የምታስጠጋው? ለኛስ?»

«ለእናንተም አለ፣ እማማ። ይኸው ከጎንዎ ላቆመው ነው።»

«እንዲያ ነው እንጂ! እኛ ካልተቀበልነ ምኑን ያወጡታል?»

ሼኹም ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸደቁላቸው።

እኚህ እናት የተናገሩት የሙያዬን ዋና ጉዳይ ነው። መንዙማ ሲቀርብ አውጪው የስንኙን የመጨረሻ ቀለም ሳይጨርስ ተቀባዮቹ ይገባሉ። ሁለቱ ድምፆች ለአፍታ ይደራረባሉ፤ ግለቱ የሚወለደው ከዚያች መደራረብ ነው። ከአውጪው አፍ ሥር ብቻ በተተከለ ማይክሮፎን የተቀዳ እንደሆነ፣ ተቀባዮቹ ከሩቅ የሚመጡ፣ ዘግይተው የነቁ ሰዎች ይመስላሉ። እዚያ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ጭብጨባው መጀመሪያ የተበታተነ ነው። አንዱ ይቀድማል፣ አንዷ ትዘገያለች። ቀስ እያለ ይሰበሰባል፣ ድቤው ከሥሩ ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ በአንድ ትንፋሽ ይተነፍሳል። አውጪው ይህን እየሰሙ ነው የሚሄዱት። ተቀባዩ ሞቅ ካለ ስንኝ ይጨምራሉ፣ ያንኑ ስንኝ ይደግማሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ተቀባዩ ከደከመ ወደ ዱዓ ይመልሱታል። ከፊት ሆነው ቢያወጡም መንገዱን የሚመሩት ከኋላ ያሉት ናቸው።

ስለዚህ የድምፁን መጠን ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ለስለስ ያለው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤቱ በእጥፍ ይጮኻል። ከመጠን አልፎ የተቀደደ ዲጂታል ድምፅ ደግሞ አይጠገንም። ድቤውን ከማይክሮፎኖቹ ሁሉ በሰያፍ አርቄ አስቀምጣለሁ፤ ባለድቤውን ቦታ ቀይርልኝ ብሎ መለመን የሚያሳፍር ነገር የለውም። በመንዙማና በመንዙማ መካከልም መቅጃውን አላጠፋም። ሲኒ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያስል፣ አንዱ ለሌላው የቀጣዩን አዝማች ሲያስታውስ፣ ያ ሁሉ የሥራው አካል ነው።

ከጉዞው በፊት የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድን መጽሐፍ ደግሜ አንብቤ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሌይደን ላይ የታተመው ነው። ጀማ ንጉሥ፣ ጌታና ዳና የትምህርትና የዝየራ ማዕከል ሆነው እንዴት እንደቆሙ፣ ሊቃውንቱ ከማን እንደተማሩና ለማን እንዳስተማሩ ከጽሑፍም ከሽማግሌ ቃልም እየለቀሙ ያስረዳሉ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት መንዙማ የማስተማሪያ መንገድ መሆኑ ነው። ዐረብኛ ለማያነብ ገበሬ ሃይማኖቱ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ዜማ ሲደርሰው ተቀባይ መሆን መማር ነው። አዝማቹን ሲመልስ ያጠናል፤ ሲያጠና ያምናል። በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፉት መንዙማዎች የሊቁን ስንኝ ከነስሙ አቆይተውልናል። አዝማቹ ግን በወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተጽፎ ይታለፋል። እንዴት እንደተቀበሉት፣ የት ላይ እንደገቡ፣ የትኛውን ፊደል እንደጎተቱ ወረቀት አይዝም። ያንን መያዝ የሚችለው የድምፅ ቀረጻ ነው፤ እኛም ካልያዝነው ማንም አይዘውም።

የቀረጻ ታሪካችን ራሱ ብቸኛውን ድምፅ ሲመርጥ ነው የኖረው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ተልከው በርሊን ላይ ያስቀዷቸው ዘፈኖች ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሸክላዎች ይቆጠራሉ። በዚያ ዘመን ዘፋኙ በቀንድ መሰል ጡሩንባ አፍ ላይ ተጠግቶ ነበር የሚዘፍነው፤ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘውም ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ለአንድ ሰውና ለማሲንቆው ይበቃል። ለሠላሳ ሰው አይበቃም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁሙ ያወጧቸው ትንንሽ ሸክላዎችም ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፉም ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» ብሎ ለዓለም ያሰማው ሙዚቃ በአብዛኛው ከእነዚህ ሸክላዎች የተቀዳ ነው። ድንቅ ሙዚቃ ነው፤ ደጋግሜ አዳምጠዋለሁ። ግን ዓለም የኢትዮጵያ ዜማ ብሎ ያወቀው ሸክላው የቻለውን ያህል ነው።

መንዙማን ያስፋፋው ካሴት ነው ብዬ አምናለሁ። ስልሳ ደቂቃ፣ በአንድ ገጽ ሠላሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባዮቹ ሞቅ እስኪላቸው ድረስ የሚጠብቅ ዕቃ ተገኘ። የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛን ካሴት ሰምቶ ያደገ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ድምፃቸውን ከተቀባዮቻቸው ለይቶ ሊያስታውስ አይችልም። ከአቀስታ ከተመለስኩ በኋላ ደጋግሜ የሰማሁት እሳቸውን ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ዘፋኟን ማሪቱ ለገሰን። በአምባሰል ቅኝት ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው የሚደረገው እርምጃ ጠባብ ነው፤ ከዚያ ድንገት ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ማሪቱ ያንን ጠባብ እርምጃ የምታስረዝመው መላ ሰውነቷን ደግፋበት እንደሆነ ያስታውቃል። የወሎን አራት ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ለተማሪ በኪቦርድ ማሳየት ይቻላል፤ ያ ግፊት ግን ከኪቦርድ አይገኝም። በኪቦርድ ብቻ የተሠሩት የኋላ ዘመን ካሴቶች ላይ ጭብጨባው ሳይቀር የማሽን ነው፤ ተቀባዩም ራሷ ዘፋኟ በራሷ ላይ ደርባ የቀዳችው ድምፅ ይሆናል። ይህን የምለው ዘፋኞቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሠላሳ ተቀባይ ስቱዲዮ ማስገባት ገንዘብ ይጠይቃል። ግን ጎድሎብናል።

ካየኋቸው ሁለት ፊልሞችም አንዱ ይህንኑ ጉድለት፣ ሌላው ተቃራኒውን አሳየኝ። የመጀመሪያው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው «ያልታወቀው ረሃብ» ነው። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የአንድ ፊልም ኃይል ከዚህ በላይ ሊታይ አይችልም። ፊልሙ እውነት ተናግሯል፣ ሰውም አትርፏል። እኔ ያየሁት ግን በጆሮዬ ነው። ታሪኩን የሚነግረን ተራኪው ነው፤ የወሎ ሰው ድምፅ ከትረካው ሥር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዓለም ወሎን በዓይኑ ያውቃል፣ በጆሮው አያውቅም። ብርሃኑ ዘሪሁን ከዚያው ረሃብ ተነስቶ የጻፈውን «ማዕበል» የተባለ ልብ ወለድ ከፊልሙ በኋላ ሳነብ ዕረፍት የተሰማኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ እዚያ ሰዎቹ ይነጋገራሉ።

ሁለተኛው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ በጥቁርና ነጭ የተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ። የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ውሎ ነው የሚያሳየው። ፊልሙ አይቸኩልም፤ የሥራው ድምፅ ራሱ እንዲናገር ጊዜ ይሰጠዋል። ለድምፅ ባለሙያ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። አጭር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች በጆሯቸው እንዲያዩት እመክራለሁ።

መካነ ሰላም ያገኘኝ የሠርግ ሰሞን ነው። ከተማዋ ከአቀስታ ይልቅ ለዘብ ያለች ናት፤ ከእሷ የሚወጣው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፣ ዜማውም ወደዚያ ማዘንበል ይጀምራል። ሠርጉ የክርስቲያን ቤት ነበር፤ ከሚቀበሉት ሴቶች መካከል የሙስሊም ጎረቤቶች ነበሩበት። አውጪዋ ልጅ ድምፅዋ ሲዝል ከተቀባዮቹ አንዷ ሳትነሳ፣ ከተቀመጠችበት ሆና ስንኙን ነጥቃ አወጣችው። ከበሮው እንኳ አልተቋረጠም። ሠርጉን የሚቀርጹት ወጣቶች ካሜራቸው ሙሽሮቹ ላይ ስለነበር ያቺ ቅጽበት አልተያዘችም። በኋላ ቪዲዮውን ሲያሰናዱ ደግሞ የተቀዳውን ድምፅ አጥፍተው የታወቀ ዘፈን ይጭኑበታል፤ ልማዱ እንደዚያ ሆኗል። በስልክ የሚቀዳውም ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ አውጪው ይታያል፣ ተቀባዩ ሳይገባ ይቆረጣል። ወደ ሦስት ደቂቃው ሸክላ እየተመለስን ነው፣ ከዚያም ወደ ባሰው።

ስለዚህ በአቀስታ፣ በመካነ ሰላም፣ በቱሉ አውሊያ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሠርግ የምትቀርጹ ባለሙያዎች፣ እለምናችኋለሁ። ስልካችሁ ይበቃል። መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ካልተፈቀደ አጥፉት። ተፈቅዶ ስትቀዱ ከተቀባዮቹ መካከል ተቀመጡ፣ ከአውጪው ፊት አይደለም። ከመጀመሩ በፊት ቀኑን፣ ቀበሌውንና ምክንያቱን በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ፤ ያለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። እስኪያልቅ አትቁረጡት፣ ሌላ ዘፈንም አትጫኑበት። አንድ ቅጂ ለባለቤቶቹ መልሱ፤ እነሱ ከፈቀዱ ሌላውን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ።